የመሪጌታው ሣጥን

የጋዝ ሲሊንደሩ ከባሕር ዳር በመጣ ማግሥት ወይዘሮ አመተ ማርያም የሟች ባላቸውን የመጻሕፍት ሣጥን ባዶ አደረጉት። ዳዊቱን፣ ድጓውንና ተአምረ ማርያሙን በነጠላ ጠቅልለው አልጋቸው ራስጌ አኖሩና ሣጥኑን ወደ ማድ ቤት አስጎተቱት። አናጺ መጥቶ በጎኑ በኩል አንዲት ቀዳዳ በሳ። ሲሊንደሩን ከውስጥ አቆሙት፤ ጎማውን በቀዳዳዋ አሹልከው ከምድጃው ጋር አገናኙት፤ ክዳኑን በጓጉንቸር ቁልፍ ከረቸሙት። ቁልፉ ወይዘሮዋ መቀነት ውስጥ ገባ።

ምራታቸው ምሥራቅ ይህ ሁሉ ሲሆን በሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

«እማማ፣ ሲሊንደር እኮ አይቆለፍበትም» አለች። «አየር የሚያገኝበት ቦታ ነው የሚቀመጠው። ቢያፈስ እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ሎጅ እያለሁ እኛ ከቤት ውጭ፣ በሽቦ አጥር...»

«ሎጅ!» ወይዘሮ አመተ ማርያም ወደ አናጺው ዞሩ። «ሰማህልኝ? ነጭ ስትቀልብ የኖረች ሴት የመሪጌታ ቤት ገብታ ሥርዓት ልታስተምረኝ!»

አናጺው ሳቁን በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«ይፈነዳል ነው የምልዎት።»

«ይፈንዳ! ሣጥኑ ወይራ ነው። ዕድሜ ልኩን ዳዊት የተቀመጠበት ነው። ቢፈነዳ አፍኖ ይይዘዋል እንጂ ክፉ ነገር ከሱ ጥሶ አይወጣም። ይልቅ አንቺ አልነፋ ያለ ሆድሽን አስቢ።»

ሲሊንደሩን የላከችው ባሕር ዳር ያገባችው ሴት ልጃቸው ጥበብ ነበረች። እናቴን ጭስ ጨረሳት ብላ ነው። እውነትም ጨርሷቸዋል፤ ዓይናቸው ጧት ማታ ያነባል፤ አፍንጫቸውም ያረረ ወጥን ካላረረው መለየት ከተወ ቆይቷል። ነገር ግን ልጃቸው የላከችው ስጦታ ለምራታቸው ምቾት ሊሆን ነው የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ነሳቸው። ቁልፉ የመጣው ከዚያ ነው። ጧት ጧት ምሥራቅ ቁልፉን ትለምናለች። ወይዘሮዋ መቀነታቸውን በዝግታ፣ ከሚያስፈልገው በላይ በዝግታ ይፈታሉ። ምሥራቅ ተንበርክካ ሣጥኑን ትከፍትና በሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን መዝጊያ ታዞራለች። ማታም እንዲሁ፤ ተንበርክካ ትዘጋለች፣ ቆልፋ ቁልፉን ትመልሳለች። ወይዘሮዋ ከበላይዋ ቆመው ያያሉ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላለ እንጂ ይህንንም ለእሷ ባልተዉላት።

ምሥራቅ የዳባት ልጅ ናት። ቡይት ራስ ላይ አንድ ሎጅ ማድ ቤት ስትሠራ ነው ሕሩይ ያገኛት፤ እሱ ደባርቅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምራል፣ ተማሪዎቹን ፓርኩን ሊያስጎበኝ ወጥቶ ነበር። ተጋቡ። ቱሪስት ሲቀር ሎጁ ተዘጋ፤ እሷም ሙሉ በሙሉ አማቷ እጅ ወደቀች። ሦስት ዓመት አለፈ፤ ልጅ የለም። እዚህ ቤት ልጅ አለመውለዷ እንደ ውርጭና እንደ ዝናብ ነበር የሚወራው፤ ጧት ሲነሡ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሌላ ወሬ ሲያልቅ።

«በቅሎ እንኳ መካን ብትሆን ጭነት ትሸከማለች» ይላሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ምሥራቅ እየሰማች። «ፓርኩ ውስጥ እስከ ሳንቃ በር ድረስ የፈረንጅ ድንኳን ተሸክማ ትወጣለች። ይቺ የምትሸከመው ጸጉሯን ነው።»

ሕሩይም ይሰማል። ሰምቶ የተማሪ ፈተና ያርማል።

በጥምቀት ሰሞን ነገሩ ቀን ተቆረጠለት። «እስከ ፋሲካ ነው» አሉት ልጃቸውን፣ ራት ላይ፣ ምሥራቅ ውሃ እያቀረበች። «እስከ ፋሲካ ካልሆነ ወደ ዳባቷ ትመለስ። የአዲ አርቃዩ ቄስ ልጅ እንዳታመልጠን። ዳሌዋን አይተኸዋል?»

«እምዬ፣ እባክሽ» አለ ሕሩይ። ከዚያ በላይ ብሎ አያውቅም።

ምሥራቅ ዳባት ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። አባቷ ቤት የእንጀራ እናቷና የወንድሞቿ ሚስቶች አሉ። ከባሏ ቤት ተመልሳ የመጣች መካን እዚያ የምትተኛው ከበጎቹ አጠገብ ነው፤ ሞቀሽ ወይ ብሎ የሚጠይቃትም የለም።

የሚካኤል ማኅበር ተራ እነሱ ቤት የደረሰ ዕለት ግቢው በሴት ተሞላ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ መምሬ ወልደ ሩፋኤል መረቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ምሥራቅ ቁልፉን ተቀብላ ሲሊንደሩን ልትዘጋ ተንበረከከች። ክዳኑን ስታነሣው ሽታው እንደ በሰበሰ ሽንኩርት ፊቷን መታት። አጎንብሳ አየች። አናጺው ቀዳዳዋን በሳ እንጂ ጠርዟን አላለሰለሰውም፤ ምድጃው በተነቃነቀ ቁጥር ጎማው ጠርዙ ላይ ሲፈገፈግ ከርሞ ተበልቷል። መዝጊያውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው። እስከዚያ ግን ጭንቅላቷ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ስትቆም ቤቱ ዞረባት። እንደ ምንም ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አስመለሳት።

ሴቶቹ ከበቧት። ከፊት የነበረችው ስንቅነሽ ናት፣ የማኅበሩ ምላስ የሚሏት ጎረቤታቸው።

«ምነው ምሥራቅ? ምን ነካሽ?»

«ጋዙ ነው። ጎማው ተበልቶ እያፈሰሰ ነው፤ ሽታው አዞረኝ።»

ወይዘሮ አመተ ማርያም አፍንጫቸውን ወደ ማድ ቤቱ አቀኑ። «ምንም የሚሸት የለም።»

«እኔንም አልሸተተኝ» አለች ስንቅነሽ። ግቢው ውስጥ ከጧት ጀምሮ የባሕር ዛፍ ሲነድ ውሏል፤ ማንንም ምንም አይሸተውም። ከዚያ ዓይኗ ከምሥራቅ ፊት ወደ ሆዷ ወርዶ እዚያው ቆየ። «አንቺ፣ ያስመልስሻል። ያዞርሻል። ሰው ያልሸተተው ይሸትሻል።»

«አይደለም፣ ጋዝ ነው እኮ...»

«እኔ የመጀመሪያዬን ስፀንስ ላምባ ነበር የሚሸተኝ! ላምባ በሌለበት ቤት! እሰይ! እሰይ የኔ ሚካኤል!»

እልልታው ግቢውን ሞላው። ምሥራቅ ሁለተኛ ጊዜ «አይደለም» ልትል አፏን ስትከፍት ወይዘሮ አመተ ማርያም ሴቶቹን በክርናቸው እየገፉ መጡና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። ሦስት ዓመት ሙሉ እነዚያ እጆች ነክተዋት አያውቁም። ሻካራና ሞቃት ነበሩ።

«እኔ አፈር ልሁንልሽ» አሉ፤ ግንባሯንም ሳሟት። «አፈር ልብላልሽ የኔ ልጅ።»

ከሴቶቹ ኋላ ሕሩይ ቆሟል። እንባው በጉንጩ ይወርዳል።

ሁለተኛውን «አይደለም» ምሥራቅ ዋጠችው።

ከዚያ ቀን ወዲያ የቤቱ ወግ ተገለበጠ። ማር በቅቤ ተለውሶ መጣላት። አዲስ ጋቢ ተሰጣት። ውሃ መቅዳት፣ ማጎንበስ፣ መንበርከክ ቀረላት፤ ማድ ቤት በር ላይ ብቅ ስትል እንኳ «ውጪልኝ! ሽታው ልጁን ያስጠላዋል» ተብላ ትመለሳለች። ጎህ ሲቀድ በውርጩ የምትንቀጠቀጠው እሷ ነበረች፤ አሁን እሷ ተሸፋፍና የአማቷን ምርኩዝ ኳኳታ ከማድ ቤት ትሰማለች። ደስ አላት። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ በጣም ደስ አላት።

ያሰበችው ቀላል ነበር። ሐሰቱ ሆድ እስኪፈልግ ጥቂት ወር አለ፤ በዚያ መሃል እውነቱ ቢመጣ ማን ይቆጥራል? ግን ወይዘሮ አመተ ማርያም ያንንም በር ዘጉት።

«ሕሩይ፣ አንተ ሳሎን ትተኛለህ» አሉ። «የመጀመሪያ ፅንስ አይነካም።»

«እምዬ...»

«ሳሎን አልኩህ!»

ሕሩይ ፍራሹን ተሸክሞ ወጣ። ምሥራቅ እናቱን እምቢ ቢል ብላ ጠበቀች፤ መጠበቋም አስቆጣት፤ ይህን ሰው ከሦስት ዓመት በኋላ ማወቅ ነበረባት።

አንድ ምሽት አልጋዋ ላይ ሆና አንድ ነገር እንደጎደላት ተሰማት። ጓጉንቸሩ ሲቆለፍ የሚሰማው ቅጭልታ የለም። የትናንቱንም፣ የትናንት በስቲያውንም አልሰማችውም።

«እማማ» አለች በግድግዳው በኩል። «የሲሊንደሩን መዝጊያ ዘጉት?»

«ምድጃው ጠፍቷል።»

«ምድጃውን አይደለም። ከሥር፣ ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን።»

«ምድጃው ጠፋ ማለት ጠፋ ማለት ነው! ለሱ ብዬ ጉልበቴን እዚያ ሣጥን ፊት ልስበረው?»

«ጎማው እኮ ያፈሳል። ሲሆን ይቀየር፤ ካልሆነ ማታ ማታ እኔ መጥቼ ልዝጋው።»

«ተንበርክከሽ? ፅንሱን ልታፈሺው ነው? ተኚ።»

ወደ ሳሎን ሄደች። ሕሩይ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ፈተና ያርማል።

«አዲስ ጎማ ግዛ» አለችው። «ሣጥኑም ይከፈት። ሲሊንደሩ ግቢ ወጥቶ ጥላ ሥር ይቁም፤ ጎማው በግድግዳ ይግባ። የገዛኸውንም በሳሙና አረፋ እንፈትሸዋለን፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው ይነፋል። ሌላ ነገር አልጠይቅህም።»

«እምዬን ታውቂያታለሽ፤ ሣጥኑን ማን ይነካል? ደግሞ...» ቀና ብሎ በፍቅር አያት። «ሽታው እኮ ካንቺ ነው። እርጉዝ ስለሆንሽ ነው። ስትወልጂ ይተውሻል።»

«ሕሩይ።»

«ወዬ።»

አፏ ጫፍ ደርሶ ነበር። ማሩ፣ ጋቢው፣ ይህ የሚያያት ዓይን። በዚያ ወገን ደግሞ የዳባት በግ።

«ምንም» አለች።

እስካሁን ያልፈነዳው በነፋስ ቸርነት ነው። ሎጅ ሳለች ዋናው አብሳይ ደምለው በነጋ በጠባ የሚላት አንድ ነገር ነበር፤ «ጋዝ እንደ ጭስ አይወጣም፣ እንደ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፤ የማድ ቤት በር ከሥሩ ይተንፍስ።» የእነሱ ማድ ቤት በር ከሥሩ ተበልቶ ክፍት ነው። የደባርቅ ነፋስ በዚያ እየገባ ወለሉን ሲጠርግ ያድራል። ምሥራቅ ያንን ክፍተት ታውቀዋለች፤ ታስበዋለች፤ አስባም ትተኛለች። ነገ እነግራቸዋለሁ ትላለች። ነገ ማር በቅቤ ይመጣል።

የወር አበባዋ መጣ። ደሙን ደበቀችው፤ ጨርቋን በጨለማ አጥባ ጋቢው ሥር አደረቀችው። በማግሥቱ ግን ሚካኤል ሆነና ቤቱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ወረደ። ሁሉም ተሳልሞ ወደ ቅጥሩ ሲገባ ምሥራቅ ደጀ ሰላሙ ጋ ስትደርስ እግሯ አልሄድ አለ። ሰው መዋሸት አላስቸገራትም። በዚያ ሁኔታዋ ቅጥሩን መርገጥ ግን አልቻለችም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ሆና ከደጅ ሳትቆም ቀርታ አታውቅም። ከግንቡ ውጭ ባሕር ዛፉ ሥር ቆመች።

ወይዘሮ አመተ ማርያም ዞር ብለው አዩዋት።

«ወገቤን አመመኝ» አለች።

«ይሁን፣ ተቀመጪ» አሉና ገቡ። ድምፃቸው እንደ ማሩ ነበር።

ጾም በተያዘ በመጀመሪያው ሳምንት ውርጩ ጠና። ሊጡ አልቦካ አለ። ወይዘሮ አመተ ማርያም ሊጡ እንዲሞቀው ብለው፣ አንድ ምሽት የማድ ቤቱን መስኮት በካርቶን ደፈኑ፤ የበሩን ሥር ደግሞ እርጥብ ጆንያ አጣጥፈው ወተፉት። ለማንም አልተናገሩም። ሊጥ ለማቡካት ማን ፈቃድ ይጠይቃል?

ጧት ምሥራቅን የቀሰቀሳት ሽታው ነው። መኝታ ክፍሏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እዚያ ድረስ መጥቶ አያውቅም። ተነሥታ ተቀመጠች። ከግቢው የምርኩዙ ኳኳታ ተሰማ፤ አማቷ ለእሷ አጥሚት ሊያሞቁ ወደ ማድ ቤት እየሄዱ ነው። የማድ ቤቱ በር ጆንያውን እየገፋ ሲከፈት ሰማች፤ ለውርጩ ተብሎ ወዲያው ሲዘጋም ሰማች።

መጀመሪያ አልጮኸችም። «ጋዝ ነው» ብሎ መጮህ ከመጀመሪያውም ጋዝ ነበር ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ጋዝ ከነበረ ደግሞ ፅንስ የለም። ይህን አሰበች። አንድ ሰው ሸማ ለመደረብ የሚፈጅበትን ያህል ጊዜ አሰበች። ከዚያ አልጋዋ ላይ እንዳለች ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ጮኸች።

«እማማ! ክብሪት እንዳይጭሩ! በሩን ከፍተው ይውጡ፤ ጋዝ ነው! ጋዝ ሞልቶታል!»

ማድ ቤቱ ውስጥ የነበረው እንቅስቃሴ ቀጥ አለ። ሰምተዋታል።

ከዚያ ክብሪቱ ሲጫር ተሰማ።

ድምፁ እንደ መድፍ አልነበረም፤ ከባድ ምንጣፍ በአንድ እጅ ሲራገፍ እንደሚሰማው ዓይነት ነበር። የካርቶኑ መስኮት ግቢ ወደቀ። የወይራው ክዳን ከማጠፊያው ተነቅሎ ቆርቆሮውን ከታች ወደ ላይ መታው። ምሥራቅ ስትደርስ ወይዘሮ አመተ ማርያም በሩ ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከዋል፤ ያ አልታጠፍ ያለ ጉልበት ታጥፏል። ሻሻቸው የለም፤ ቅንድባቸው የለም፤ እጃቸውን ከፊታቸው አርቀው የሌላ ሰው እጅ ይመስል ይዘውታል። ከሣጥኑ ጎን፣ ጎማው ከተበላበት፣ ነበልባል እያፏጨ ይወጣል።

እርጥቡን ጆንያ አንሥታ እጇን ጠቀለለችበት፤ ሣጥኑ ውስጥ ገብታ መዝጊያውን አዞረች። ፉጨቱ አለቀ፤ ነበልባሉም። ከዚያ ወለሉ ላይ የተበተነውን ነገር ሁሉ ረግጣ ወጣችና ከበርሜሉ ውሃ እየቀዳች አማቷ እጅና ፊት ላይ ማፍሰስ ጀመረች።

ስንቅነሽ ግማሽ ነጠላዋን እየጎተተች፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና ይዛ ደረሰች።

«ምን እያደረግሽ ነው አንቺ? በዚህ ውርጭ! በቀዝቃዛ ውሃ ልትገድያቸው ነው?»

«እሱን ነገር ብትቀቢያቸው እጅሽን እሰብርልሻለሁ» አለች ምሥራቅ፣ ውሃውን ሳታቋርጥ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በፊት ደባርቅ ሁሉ፣ ምራትየዋ በእሳት የተቃጠለች አማቷ ላይ የበርሜል ውሃ ደፋችባት ብሎ አወራ።

የደባርቅ ሆስፒታል ሐኪም ለሕሩይ የነገረው አጭር ነው። ይተርፋሉ። ፊታቸው ጊዜ ይወስዳል። እጃቸው ግን ጣቶቹ ተኮራምተው ይቀራሉ፤ ከእንግዲህ ቁልፍም ማንኪያም አይዙም። ጎንደር እንላካቸው ቢባል ወይዘሮዋ ከደጄ አልርቅም ብለው እምቢ አሉ። ሕሩይ የታዘዘውን መድኃኒት ፍለጋ ወጣ። ምሥራቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የምስር ሾርባ በማንኪያ ታጎርሳቸዋለች። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

«ሰምቼሽ ነበር» አሉ ወይዘሮ አመተ ማርያም። ከንፈራቸው አብጦ ቃሉ ተንሻፎ ነው የወጣው።

«ምኑን?»

«የጮህሽውን። ክብሪት እንዳልጭር ያልሽኝን።»

«ታዲያ ለምን ጫሩት?»

«ውሸታም ነሻ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ለሚካኤል ከቅጥሩ ውጭ ቆምሽ። ወገቤን አልሽ። እኔ የመሪጌታ ሚስት ነኝ፤ ሴት መቼ ከደጅ እንደምትቆም አላውቅም? ሰውን ዋሸሽ፣ ታቦቱን ግን ፈራሽ። እዚያው ገባኝ።»

«ገብቶዎት ነው ማር ሲያበሉኝ የከረሙት?»

«ለፋሲካ የታሰበ በግ ሲራብ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ሊስቁ ቃጣቸው፤ ፊታቸው አልፈቀደላቸውም። «ማኅበሩ በተሰበሰበበት፣ ሕሩይ ባለበት፣ በይ ሆድሽን አሳዪን ልልሽ ነበር። የምትገቢበት እስኪጠፋሽ። እና አልኩ፣ ፅንሱ ውሸት ከሆነ ሽታውም ውሸት ነው። ሽታው የመጣው ከፅንሱ ጋር አይደል?»

«ያንን ያላችሁት እናንተ ናችሁ። እኔ ጋዝ ነው ነበር ያልኩት።»

«አንዴ አልሽ። ማሩ ከመጣ በኋላ ደግመሽ አላልሽም።»

ምሥራቅ ሾርባውን አማሰለች።

«እንግዲህ ለሕሩይ ይንገሩት» አለች በመጨረሻ። «ልብሴን ሰብስቤ እሄዳለሁ።»

«ምን ብዬ ልንገረው? ምራቴ ስታሞኘኝ ከረመች ብዬ? ስንቅነሽ ይህን ብትሰማ እስክሞት በየማኅበሩ ታላግጥብኛለች።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ልጁ በእሳቱ ድንጋጤ ወረደ። ይኸው ነው። አንቺ መካን አትባዪም፤ እኔም ሞኝ አልባልም።»

«በምትኩስ?»

በፋሻ የተጠቀለሉ ሁለት ድቡልቡል ነገሮች ከአንሶላው በላይ ተነሡ።

«በምትኩ እነዚህ አንቺ ነሽ። ታጎርሺኛለሽ፣ ታጥቢኛለሽ፣ ደጅ ታወጪኛለሽ። አፈር እስክገባ።»

«የአዲ አርቃይዋን ያስመጧት። ዳሌዋ ጥሩ ነው ብለዋል።»

«እሷ ትወልዳለች። የወለደች ሴት እጇ በልጇ ይያዛል።» ባበጠው ዓይናቸው ስንጥቅ አዩዋት። «ያንቺ ግን መቼም ነፃ ነው።»

በመስኮቱ በኩል፣ ከመንገዱ ማዶ፣ የሚኒባስ ረዳት ይጮኻል። «ዳባት! ዳባት! አንድ ሰው የቀረው!» ምሥራቅ ጫማዋን አላወለቀችም። በሩ ክፍት ነው። ረዳቱ ደግሞ ጠራ፤ ሦስተኛም ጠራ። ከዚያ የሚኒባሱ በር ጓ ብሎ ሲዘጋና መኪናው ሲነሣ ተሰማ።

ኮሪደሩ ውስጥ የእግር ኮቴ ተንጋጋ። የማኅበሩ ሴቶች ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ስንቅነሽን አስቀድመው ገቡ። ከኋላቸው ሕሩይ የመድኃኒት ከረጢት ይዞ ይታያል።

ወይዘሮ አመተ ማርያም የሚያዩአቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። ከዚያም ካበጠው አፋቸው ይወጣል ተብሎ የማይታሰብ ድምፅ ወጣ።

«የልጅ ልጄን! ወይኔ የልጅ ልጄን! እሳቱ የልጅ ልጄን በላብኝ!»

ሁሉም ወደ ምሥራቅ ሆድ ዞሩ። ሕሩይ ከረጢቱን ጣለው፤ ግድግዳውን ይዞ እየተንሸራተተ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በጉልበቶቹ መሃል ቀበረ። ምሥራቅ አየችው። አንድ ቃል ብትናገር ይህ ልቅሶ ይቆም ነበር። ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

«የኔ እናት» አለች ስንቅነሽ፤ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «የኔ ምስኪን። ያን ጊዜም አፌን በቆረጠው፤ ውሃ ስትደፊ ያልኩሽን ይቅር በዪኝ። እግዜር ሌላ ይተካልሽ።»

«አሜን» አለች ምሥራቅ።

ሴቶቹ በተራ እየመጡ አቀፏት፣ አለቀሱ፣ ደረታቸውን መቱ። ከአልጋው ላይ ዝቅ ያለ፣ ለእሷ ብቻ የሚሰማ ድምፅ መጣ።

«አጉርሺኝ እንጂ። ሾርባው በረደ።»

ምሥራቅ ከሳህኑ አንድ ማንኪያ ቀዳች። ማንኪያውን ወይዘሮዋ አፍ አጠገብ አድርሳ እዚያው ያዘችው። ወይዘሮ አመተ ማርያም አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ። ሁለቱ የተጠቀለሉ እጆች አንሶላው ላይ ተንቀሳቀሱ፤ የትም አልደረሱም። ምሥራቅ ፊቷን ወደ ሴቶቹ መልሳ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ የሚያጽናኗትን አንድ በአንድ ስትሰማ ቆየች።

ሴቶቹ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ድረስ ወይዘሮዋን አላጎረሰቻቸውም።